ከነፋስ ስልክ ምሰሶ እስከ ቤት ማይክሮፎን

መግቢያ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል የሚገኘው ነፋስ ስልክ የተባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከኢጣልያ ወረራ በፊት በአካባቢው ከተተከለው ገመድ አልባ የራዲዮ ጣቢያ ነው። «ስልክ» የሚለው ቃል ወደ አማርኛ የገባው ከዐረብኛ ሲሆን፥ በዚያ ቋንቋ ትርጕሙ ሽቦ ማለት ነው። ሕዝቡ በሽቦ የሚሄደውን ቴሌፎን ስልክ ብሎ ከጠራው በኋላ፥ ሽቦ ሳይዘረጋለት ቃል የሚያደርስ ሌላ መሣሪያ በመጣ ጊዜ «ነፋስ ስልክ» አለው፤ ሽቦው ነፋሱ ነው ማለቱ ነበር። ስሙ ከጣቢያው ወደ ሰፈሩ፥ ከሰፈሩም ዛሬ ነፋስ ስልክ ላፍቶ ወደሚባለው ክፍለ ከተማ ተላለፈ። እንግዲህ በአገራችን ድምፅን አርቆ ስለ መላክና አቆይቶ ስለ ማሰማት ለሚያጠና ሰው ከዚህ ሰፈር የተሻለ መነሻ አይገኝም።

ይህን ጥናት ለመጀመር ምክንያት የሆነኝ በቤታችን የሚገኝ አንድ ካሴት ነው። ካሴቱ በ1977 ዓ. ም. ገደማ፥ የእናቴ አያት ውጭ አገር ለነበረው ልጃቸው መልእክት ሲያስተላልፉ የተቀዳ ነው። ድምፁ አልጠራም ተብሎ ሌላ ተቀድቶ ስለ ተላከ፥ ይኸኛው በሣጥን ውስጥ ቀረ። በካሴቱ ላይ አዛውንቱ ሰላምታቸውን ከጨረሱ በኋላ፥ በልጅነታቸው ከብት ሲጠብቁ የነፋስ ስልክ ምሰሶ ሲተከል ያዩትን ይተርካሉ። ሠራተኞቹ እንዴት እንደ ነበሩ፥ ምሰሶው በስንት ሰው እንደ ቆመ፥ ከየትኛው ጉብታ አጠገብ እንደ ሆነ ሊናገሩ ሲጀምሩ ግን፥ በጓዳ በኩል ቡና መወቀጥ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ዘነዘናው ብቻ ነው። ዘነዘናው ሲያቆም ታሪኩ አልቆ፥ አዛውንቱ ስለ በግ ዋጋ ያወራሉ።

በሌላ በኩል ደግሞ ዐፄ ምኒልክ በ1899 በፎኖግራፍ ያስቀዱት ቃል እስከ ዛሬ ይሰማል። መሣሪያው ከሰም የተሠራ ጥቅል ነበር፤ ኤሌክትሪክም ማይክሮፎንም አልነበረውም። ታዲያ ከዚያ 85 ዓመት ያህል በኋላ፥ እጅግ በተሻሻለ መሣሪያ የተቀዳው የእኛ አዛውንት ቃል ስለምን ጠፋ? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ በታሪክ መንገድ መመርመርና ዛሬ በቤቱ ድምፅ ለሚቀዳ ሰው ከታሪኩ የሚገኘውን ትምህርት ማቅረብ ነው። «ዓ. ም.» ያልተባለበት ዘመን ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢው እንዲያስታውስ ያስፈልጋል።

1. የቀንዱ ዘመን

ኤዲሰን በ1877 የሠራው ፎኖግራፍ አሠራሩ ቀላል ነበር። ተናጋሪው በአንድ ሰፊ ቀንድ ውስጥ ይናገራል፤ የድምፁ ንዝረት በቀንዱ ጠባብ ጫፍ ላይ ያለችውን ስስ ሽፋን ያንቀጠቅጣታል፤ በሽፋኗ ላይ የተያያዘው መርፌም በሚዞረው ጥቅል ላይ መሥመር ይጭራል። መርፌውን የሚገፋው ኀይል ከሌላ ቦታ አይመጣም፤ የተናጋሪው የራሱ ድምፅ ነው። ስለዚህ ተናጋሪው ከቀንዱ አፍ ጥቂት ቢርቅ መርፌው አይጭርም፤ ምንም ነገር አይቀዳም። ቀንዱ ሰውን በግድ ያቀርበው ነበር ማለት ነው።

በ1898 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የሰላምታ ቃል በፎኖግራፍ አስቀድተው ላኩ። በሚቀጥለው ዓመት ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ መልሳቸውን በዚያው መሣሪያ ላኩ። የንግሥቲቱ ጥቅል ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ ተደርጓል፤ የንጉሠ ነገሥቱ ግን ቆይቶ ለእኛ ደርሷል። ቅጂው ማንሿሿትና መሻከር አለበት፤ ነገር ግን ከሹክሹክታው መካከል የሰው ድምፅ ፊት ለፊት ቆሞ ይሰማል። ይህም የሆነው ድምፁ ወደ ቀንዱ ሲገባ ከሌላው ድምፅ ሁሉ የበለጠ ቅርብ ስለ ነበር ነው።

ከዚህ በኋላ በ1906 ወደ አክሱም የመጣው የጀርመን የምርምር ቡድን ፎኖግራፍ ይዞ ስለ ነበር፥ በሰም ጥቅል ላይ ድምፅ ቀድቶ ወደ አገሩ ወሰደ። ከ1908 እስከ 1910 ባለው ጊዜ ደግሞ በኋላ ነጋድራስ የተባሉት ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር በነበሩ ጊዜ ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀዱ። ይህም የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሸክላ ተብሎ ይቈጠራል። ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ ኢትዮጲክስ በተባለው ተከታታይ ሥራ በ27ኛው ቍጥር እንደገና ታትሞ ሲወጣ፥ የግጥሙን ቃል ለማዳመጥ ጆሮን ማቅናት ብቻ ይበቃ ነበር። በዚያ ዘመን የሚዘፍን ሰው ወደ ቀንዱ ፊቱን አዙሮ፥ ሳይወዛወዝ፥ ቃሉን ሳያላላ ማሰማት ነበረበት። መሣሪያው ደካማ ስለ ሆነ ትጋቱ በሰውየው ላይ ወደቀ፤ ትጋቱም ቅጂውን አዳነው።

2. የከሰል ማይክሮፎንና የራዲዮ ዘመን

ማይክሮፎን የተባለው መሣሪያ ከፎኖግራፍ ጋር በአንድ ዘመን ተወለደ። በ1870ዎቹ መጨረሻ ኤዲሰን፥ በርሊነርና ሂዩዝ እያንዳንዳቸው በየበኩላቸው አንድ ሐሳብ አገኙ፤ ይኸውም በልልነት የተነካኩ ነገሮች፥ በተለይም ከሰል፥ በድምፅ ሲጨመቁ ኤሌክትሪክ በቀላሉ ያሳልፋሉ፤ ሲላሉ ደግሞ ያግዱታል፤ ስለዚህ ከባትሪ የሚመጣው ኀይል የድምፁን መልክ ይይዛል የሚል ነበር። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ኀይሉ ከተናጋሪው ሳንባ ብቻ ሳይሆን ከባትሪም መምጣት ጀመረ። ድምፁ ያዛል፤ ኤሌክትሪኩ ይሠራል።

በአገራችን የቴሌፎን ሥራ የተጀመረው በ1894 ሐረርንና አዲስ አበባን በሚያገናኘው መሥመር ነው። የከሰል ማይክሮፎን ድምፁ ሻካራ ነበር፤ የቴሌፎንም መሥመር ከሰው ድምፅ የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ክፍል ያህል ብቻ ነው። ሆኖም ሰው በቴሌፎን ሲነጋገር ይግባባል። ምክንያቱ የቴሌፎኑ እጀታ ማይክሮፎኑን ከአፍ አጠገብ፥ ከአንድ መዳፍ በማይበልጥ ርቀት እንዲቀመጥ ስለሚያስገድደው ነው። የድምፁ ጥራት ከመሣሪያው ጥራት በፊት በርቀቱ እንደሚወሰን ከዚህ የበለጠ ግልጥ ማስረጃ አይኖርም።

በ1916 ዌንቴ የተባለው የአሜሪካ ተመራማሪ ኮንደንሰር የሚባለውን ማይክሮፎን ሠራ። ይህ መሣሪያ ከከሰሉ እጅግ የጠራና ንቁ ነበር። በ1925 ሸክላ በኤሌክትሪክ መቀዳት ሲጀምር ቀንዱ ቀስ በቀስ ተተወ። ከዚያ ወዲህ ሰው ከመሣሪያው ርቆ መናገርም ሆነ መዝፈን ይችል ጀመር። ርቀት በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የምርጫ ጉዳይ ሆነ። በዚህም ላይ አዲስ ችግር ተወለደ፤ ማይክሮፎኑ የሰውየውን ድምፅ ብቻ ሳይሆን የክፍሉንም ድምፅ ይሰማ ነበርና።

በ1935፥ ኢጣልያ ልትወረን በተዘጋጀችበት በመስከረም ወር፥ ዐፄ ኀይለ ሥላሴ በራዲዮ ለዓለም ንግግር አደረጉ፤ በዚያው ሰሞን እቴጌ መነንም ለዓለም ሴቶች ተናገሩ። የአቃቂው ጣቢያ ሥራ ቀደም ሲል የተጀመረው በኢጣልያው በአንሳልዶ ኩባንያ እንደ ነበር ሲታሰብ፥ ነገሩ እጅግ ያስገርማል። ከነጻነት በኋላ ራዲዮ እንደገና ተቋቋመ፤ በ1963ም የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ሁለት ባለ 100 ኪሎዋት ማሰራጫ ይዞ ሥራውን ከአዲስ አበባ ጀመረ። ይህ ጣቢያ በ1977 በመንግሥት ተወርሶ ስሙ ተለውጧል።

ራዲዮ ለአድማጩ አንድ የተሳሳተ ትምህርት ሳያስበው አስተማረ። በየቤቱ፥ በየቡና ቤቱ ሆኖ የሚያዳምጠው ሰው የጠራውን ድምፅ ሲሰማ፥ ጥራቱ ከማሽኑ የመጣ መሰለው። በስቱዲዮ ውስጥ ያለውን ግን አላየም፤ ይኸውም ግድግዳውን የሸፈነው መጋረጃና ለስላሳ ነገር፥ የወለሉ ምንጣፍ፥ የተዘጋው ድርብ በር፥ ተናጋሪው ከማይክሮፎኑ ፊት ሳይነቃነቅ መቀመጡ፥ በመስተዋት ማዶም የድምፁን መጠን የሚጠብቅ ሰው መኖሩ ነው። ማሽኑ ወደ ቤት በመጣ ጊዜ እነዚህ አብረውት አልመጡም።

3. ቴፕና ካሴት ወደ ቤት ሲገቡ

በመግነጢስ ቴፕ የሚሠራው ድምፅ መቅጃ ማግኔቶፎን በሚል ስም በበርሊን የታየው በ1935 ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ ሌላው ዓለም ተስፋፍቶ ተመራማሪዎች በየገጠሩ ይዘውት ይዞሩ ጀመር። በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከመጻሕፍቱ ሌላ የተቀዳ ድምፅም ያስቀምጣል። በንግዱ በኩል ደግሞ አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሬከርድስ የተባለውን የሸክላ ኩባንያ አቋቁሞ የአዲስ አበባን ዘፋኞች አስቀዳ።

ለቤት ቅጂ ግን ከሁሉ የበለጠው ለውጥ ፊሊፕስ በ1963 ያወጣው ትንሹ ካሴት ነው። በስቱዲዮ የነበረው ቴፕ በሰኮንድ 38 ሳንቲ ሜትር ሲሄድ፥ የካሴቱ ቴፕ የሚሄደው በሰኮንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ቀርፋፋና ጠባብ ስለ ሆነ የራሱ ማንሿሿት ነበረበት፤ ነገር ግን ርካሽና ቀላል ነበር። በ1962 ዌስትና ሴስለር የሠሩት ኤሌክትረት የሚባለው ማይክሮፎን ደግሞ በጣም ትንሽና ርካሽ ሆኖ በካሴት ማጫወቻው አካል ውስጥ ለመግባት ቻለ። የእጅ ስልክ ከመጣ በኋላም በውስጡ የገባው መጀመሪያ ይኸው የኤሌክትረት ዐይነት ነው፤ ኋላ በሲሊኮን ላይ የሚሠራው ተተካበት።

በዚህ ጊዜ ካሴት የደብዳቤን ቦታ ያዘ። ወደ አሜሪካ፥ ወደ ኤውሮጳ፥ ወደ ዐረብ አገር የሄዱ ልጆች ያሏቸው ብዙ ቤተሰቦች፥ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ወላጆችም ጭምር፥ ቃላቸውን በካሴት ቀድተው በመንገደኛ ይልኩ ነበር። ማጫወቻው በጠረጴዛ ወይም በቡፌ ላይ ይቀመጣል፤ ቀዩ ቍልፍ ከማጫወቻው ቍልፍ ጋር አብሮ ይጫናል፤ ቤተሰቡ በየመቀመጫው ሆኖ በየተራ ይናገራል። አዛውንቱ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ወደ ማጫወቻው ይቅረቡ የሚል ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ማሽኑ ሁሉንም ይሰማል ተብሎ ይታመን ነበር።

በእውነትም ማሽኑ ሁሉንም ይሰማ ነበር። ጥፋቱም ይኸው ነው። በብዙዎቹ ማጫወቻዎች ውስጥ የድምፁን መጠን በራሱ የሚያስተካክል ክፍል ነበረ፤ ድምፅ ሲያንስ ያጎላል፥ ሲበዛ ይቀንሳል። ሰው ሩቅ ሆኖ በቀስታ ሲናገር ማሽኑ ለማጎላት ይጣጣራል፤ ተናጋሪው ትንፋሽ ለመውሰድ ባቆመ ቍጥር ደግሞ የቤቱን ጫጫታ ያነሣል፤ በዚህ መካከል አንድ ኀይለኛ ድምፅ ሲመጣ ድንገት ሁሉንም ዝቅ ያደርጋል፤ ያን ጊዜ የተናጋሪው ቃል አብሮ ይሰምጣል። ማይክሮፎኑም ከሞተሩ ጋር በአንድ ሣጥን ውስጥ ስለ ነበር የሞተሩን ጉርምርምታ ይጨምራል። በእኛ ካሴት ላይ የሆነው ይህ ነው። ዘነዘናው ሙቀጫውን በመታ ቍጥር የአዛውንቱ ቃል ዝቅ ይላል፤ ሊነሣ ሲል ዘነዘናው ይደግማል።

ከዚህ የምንረዳው፥ ከቀንዱ ዘመን እስከ ካሴቱ ዘመን መሣሪያው በተሻሻለ ቍጥር ተናጋሪው ከመሣሪያው እየራቀ መሄዱን ነው። ቀንዱ ያስገድደው የነበረውን ቅርበት ማይክሮፎኑ አስቀረ፤ ስቱዲዮው ግን በሥርዐት ጠበቀው። ቤት ሥርዐቱ አልደረሰውም።

4. የቤቱ ጠባይ

አሁን ደግሞ ቅጂው የሚካሄድበትን ቤት እንመልከት። በነፋስ ስልክ ላፍቶ ሦስት ዐይነት ቤት በብዛት ይገኛል። የመጀመሪያው በእንጨትና በጭቃ የተሠራው፥ አቡጀዲ ኮርኒስ የተወጠረበት የቆርቆሮ ክዳን ቤት ነው። ሁለተኛው የብሎኬት ቪላ ነው። ሦስተኛው እንደ ጎፋና እንደ ጀሞ ባሉ ሰፈሮች የሚታየው የጋራ መኖሪያ ቤት ሕንጻ ነው።

ድምፅ ከጠንካራና ከለስላሳ ግድግዳ ሲመታ የተለያየ ነገር ይደርስበታል። ሲሚንቶ፥ መስተዋትና ሴራሚክ ድምፁን መልሰው ይወረውሩታል፤ ስለዚህ ማይክሮፎኑ አንዱን ቃል አንድ ጊዜ ከአፍ፥ ብዙ ጊዜ ደግሞ ከግድግዳ ይሰማዋል፤ ቃሉም በጕድጓድ ውስጥ የተነገረ ይመስላል። አቡጀዲ፥ ፍራሽ፥ ጋቢ፥ ብርድ ልብስና ልብስ የሞላበት ቁም ሣጥን ግን በተለይ ቀጭኑን ድምፅ ይውጡታል። ከዚህ የተነሣ ብዙዎች የሚንቁት አሮጌው የጭቃ ቤት ለቅጂ ከአዲሱ ባዶ ሳሎን ብዙ ጊዜ ይሻላል። አሮጌው ቤት የሚሸነፈው በክረምት ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የሚሰማው ሌላ ነገር የለም።

ከቤቱ ውጭ ያለው ድምፅም እንደ ሰፈሩ ነው። በቀለበት መንገዱ አጠገብ የከባድ መኪና ጉርምርምታ አለ፤ በ2015 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ወደ ቃሊቲ ሲሄድ በነፋስ ስልክና በሳሪስ በኩል ያልፋል፤ በግንባታ ሰፈሮች የብረት መቍረጫ ይጮኻል። በቤት ውስጥ ደግሞ የፍሪጅ ሞተር፥ በደንብ ያልተገጠመም የኤሌክትሪክ ገመድ የሚያመጣው የ50 ኸርዝ ጉርምርምታ አለ። ጆሮ እነዚህን ለምዶ ችላ ይላቸዋል፤ ማይክሮፎን ግን መልመድ አያውቅም።

የርቀቱን ነገር በቍጥር መግለጥ ይቻላል። ከተናጋሪው አፍ ያለው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር፥ በቀጥታ ከአፍ የሚደርሰው ድምፅ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ይኸውም ኀይሉ አንድ አራተኛ ይሆናል ማለት ነው። ከአንድ ስንዝር ወደ ዐሥር ስንዝር ቢርቅ 20 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ኀይሉም አንድ መቶኛ ይሆናል። ከግድግዳው የሚመለሰውና ከውጭ የሚገባው ድምፅ ግን ማይክሮፎኑ የትም ቢቀመጥ በክፍሉ ውስጥ ያው ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ማይክሮፎኑን በአንድ ስንዝር ማቅረብ የሚያስገኘውን ጥቅም፥ በዐሥር ስንዝር ርቀት የተቀመጠ የቱንም ያህል ውድ ማይክሮፎን ሊተካው አይችልም።

5. የተሞከረ አሠራር

ይህን በተግባር ለማየት በቤታችን አያቴን፥ ማለትም በካሴቱ ላይ የሚናገሩትን አዛውንት ልጅ፥ በእጅ ስልኬ ሦስት ጊዜ ቀዳኋት። በመጀመሪያ ስልኩን በሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ አድርጌ እሷ በሶፋዋ ተቀመጠች። ቃሏ ይሰማል፤ ነገር ግን ፍሪጁ፥ የጎረቤት ውሻና የሳሎኑ ማስተጋባት አብረው ይሰማሉ። ሁለተኛ፥ በዚያው ሳሎን ስልኩን ወደ አንድ ስንዝር ከግማሽ አቀረብሁት፤ ድምፁ ወዲያው ተለወጠ፤ ማስተጋባቱ ቀነሰ። ሦስተኛ፥ ወደ መኝታ ቤት ገብተን፥ በአልጋው ጠርዝ ተቀምጣ፥ ከጀርባዋ በበሩ ላይ ወፍራም ጋቢ ሰቅዬ፥ ፍሪጁንም አጥፍቼ ቀዳሁ። ሦስተኛውን ቅጂ የሰማ ዘመድ በስቱዲዮ የተቀዳ መስሎት ጠየቀኝ። ለዚህ ሁሉ የወጣ ገንዘብ የለም።

ከሙከራውና ከታሪኩ የሚገኘውን አሠራር እንደሚከተለው ማጠቃለል ይቻላል። ከሁሉ አስቀድሞ ርቀቱ ከአንድ ስንዝር እስከ አንድ ስንዝር ከግማሽ ይሁን። ነገር ግን ማይክሮፎኑ ልክ በአፍ ፊት መቆም የለበትም፤ ጥቂት ወደ ጎን ይዘንበል። በአማርኛ «ፐ» እና «ፈ» ትንፋሽ ይዘው ይወጣሉ፤ እንደ «ጰ»፥ «ጠ» እና «ቀ» ያሉትም ፈንድተው የሚወጡ ናቸው፤ ፊት ለፊት ሲሆን ማይክሮፎኑን ይመቱታል። በወንፊት ክብ ላይ ስስ ነጠላ ወጥሮ በመካከል ማቆም ትንፋሹን ያበርዳል።

ሁለተኛ፥ የእጅ ስልክ ማይክሮፎን በአብዛኛው በታችኛው ጠርዝ ላይ ስለ ሆነ ያ ጠርዝ ወደ ተናጋሪው ይዙር፤ በእጅም አይሸፈን። ስልኩ በባዶ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ የጠረጴዛው ንዝረት ስለሚገባበት የታጠፈ ጨርቅ ከሥሩ ይደረግ። ለብቻው የሚገዛ ማይክሮፎን ሲኖር፥ ከፊት ያለውን ብቻ አጉልቶ ከኋላው ያለውን የሚቀንሰው ዐይነት ለቤት ይመረጣል፤ የኋላ ፊቱም ጫጫታው ወደሚመጣበት ወደ መስኮቱ ይዙር።

ሦስተኛ፥ የቅጂው መጠን ተናጋሪው እጅግ ድምፁን ከፍ ባደረገበት ጊዜ ከዜሮ በታች ከ6 እስከ 12 ዴሲቤል ባለው እንዲቆይ ይደረግ። ከዜሮ ያለፈ ድምፅ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀም አይጠገንም። መጠኑን በራሱ የሚለውጠው ክፍል ማጥፋት የሚቻል ከሆነ ይጥፋ። ፋይሉ ሳይታመቅ፥ ዌቭ በሚባለው ዐይነት ይቀመጥ።

አራተኛ፥ ሰዓትን መምረጥ ነው። በክረምት ከዝናቡ በፊት ያለው ጧት ይሻላል፤ በመንገድ ዳር ላለ ቤት ደግሞ የመኪናው ግፊያ ያለፈበት ሰዓት ይመረጣል። ቡና ከቅጂው በፊት ወይም በኋላ ይፈላ። አዛውንት ያለ ቡና አይጫወቱም የሚል ካለ፥ እውነት ነው፤ ነገር ግን ተወቅጦ፥ ተፈልቶ፥ ረከቦቱ ላይ ቀርቦ ሳለ መጀመር ይቻላል።

አምስተኛ፥ ከቅጂው መጀመሪያ ላይ ቀኑ፥ ቦታው፥ የተናጋሪው ስምና ለመቀዳት መፍቀዳቸው በአፍ ይነገር። ያለ ፈቃድ የተቀዳ ቃል ማስረጃ ሊሆን ይችል ይሆናል፤ አደራ ግን አይሆንም። ቅጂውም ቢያንስ በሦስት ቦታ ይቀመጥ፤ አንዱ ከቤቱ ውጭ ይሁን።

እዚህ ላይ ስለ ማጥራት አንድ ቃል መጨመር ያስፈልጋል። ዛሬ ጫጫታን ከቅጂ የሚያስወግዱ የኮምፒዩተር መሣሪያዎች አሉ፤ ከጊዜ ወደ ጊዜም እየበረቱ ሄደዋል። ያልተቋረጠ ማንሿሿትንና ጉርምርምታን ለመቀነስ በእርግጥ ይረዳሉ። ነገር ግን በሌላ ድምፅ ጨርሶ የተሸፈነን ቃል መልሰው ማምጣት አይችሉም። አንዳንዶቹ የጎደለውን በግምት ስለሚሞሉ፥ ያልተነገረ ቃል የተነገረ ሊያስመስሉ ይችላሉ። ለዘፈን ይህ ጥቂት ነገር ይሆናል፤ ለታሪክ ምስክርነት ግን ትልቅ አደጋ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቅጂ እንዳለ ይጠበቅ፤ የተጣራውም የተጣራ መሆኑ ይጻፍበት።

መደምደሚያ

በመግቢያው የቀረበው ጥያቄ መልሱ እንግዲህ እንደሚከተለው ነው። የዐፄ ምኒልክ ቃል የቆየው መሣሪያው የተሻለ ስለ ነበር አይደለም፤ መሣሪያው ደካማ ስለ ነበር ሰውን አቅርቦ፥ ዝም አሰኝቶ፥ ነገሩን እንደ ትልቅ ጉዳይ እንዲይዘው ስላስገደደው ነው። የእኛ አዛውንት ቃል የጠፋው መሣሪያው ቀላል ስለ ሆነ፥ ቅጂውም ቀላል ነገር ስለ መሰለ ነው። ዛሬ በየኪሱ የሚገኘው ስልክ ከ1899 ፎኖግራፍ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ቀላልነቱም እንዲሁ ወደር የለውም። በየቤቱ በየቀኑ የሚቀዳው የአዛውንቶች ቃል ብዛቱ ከዚህ በፊት ታይቶ አይታወቅም፤ ከርቀት የተቀዳው ሁሉ ግን ለሚመጣው ተመራማሪ የዘነዘና ድምፅ ሆኖ እንዳይደርሰው ያሠጋል።

ጥናቱን ከጨረስሁ በኋላ ካሴቱን ለአያቴ አሰማኋት። የአባቷን ድምፅ ስትሰማ ጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ምሰሶው ከየት ላይ እንደ ተተከለ የሚናገሩበት ቦታ ሲደርስ አቁሜ፥ «እዚህ ላይ ምን ነበር ያሉት?» ብዬ ጠየቅኋት።

«እኔ እንጃ ልጄ» አለች። «ያን ጊዜ ቡናውን የምወቅጠው እኔ ነበርሁ። እኔም አልሰማሁም።»

ከዚያ በኋላ እሷ የምታውቀውን ስለ ሰፈሩ የቀድሞ ወሰን፥ ስለ ጅረቱና ስለ መጀመሪያዎቹ ቤቶች በመኝታ ቤቷ ተቀምጠን፥ በሩን ዘግተን፥ በአንድ ስንዝር ከግማሽ ርቀት አንድ ሰዓት ከሩብ ቀዳሁ። ቡናው ከዚያ በኋላ ተወቀጠ።